ደሞዜ የት ገባ ላልሽው ልጄ

ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ትንሽ አሞት ነበር፤ አሁን ተሽሎታል።

ባለፈው ስትደውዪ "እማዬ፣ ደሞዜ የት እንደሚገባ አላውቅም" አልሽኝ። ወሩ ገና አልተጋመሰም ነበር። ገንዘብ ላኪልኝ አላልሽም። ግን ልትዪ ፈልገሽ እንደተውሽው ድምፅሽ ነገረኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለምና ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

አንቺ አባካኝ አይደለሽም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ስለ ራስሽ እንደዚያ እያሰብሽ እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ደሞዝሽ የት እንደገባ ያላወቅሽው ስላልጻፍሽው ብቻ ነው። ትልቁን ወጪ ማንም ይዞታል። የቤት ኪራይ አይረሳም። የሚረሳው ትንሹ ነው። ደክሞኛል ተብሎ የተሳፈሩበት ታክሲ፣ የቀድሞው ሳያልቅ የተገዛ የኢንተርኔት ጥቅል፣ ምሳ ሳይቋጠር የተወጣበት ቀን። እያንዳንዱ "ይቺ ምን አላት" የሚባል ነው። በቀን 3 ጊዜ "ይቺ ምን አላት" ካልሽ ግን በወር 90 ጊዜ ብለሻል።

የወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ የነበረውን ሰማያዊ ደብተር ታስታውሻለሽ? አሁን ከፊቴ ነው። ጠርዙ ተበልቷል። አንድ ገጽ ላይ፣ ልክ "ወጪ" ከሚለው አጠገብ፣ አንቺ በቀይ እስክሪብቶ የሳልሽው ፀሐይ አለ። ያኔ ተቆጥቼሽ ነበር። ዛሬ ያን ገጽ ሳይ ሆዴ ይባባል። ደብተሩ እንዴት እንደተጀመረ ግን ነግሬሽ አላውቅም። አሁን ትልቅ ሰው ነሽ፤ ልንገርሽ።

ታናሽ ወንድምሽ ገና ሲወለድ እጄ ከልብስ እጥበት የሚላቀቅበት ጊዜ አልነበረም። አንድ ሱቅ ገባሁና የልብስ ማጠቢያ ማሽን በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ወሰድኩ። ለአባትሽ "ቆጥቤ በጥሬ ገንዘብ ገዛሁት" አልኩት። ደስ አለው፤ አመሰገነኝም። እኔ ደግሞ የወሩን ክፍያ ከአስቤዛው ላይ እየቆነጠርኩ መክፈል ጀመርኩ። በ3ኛው ወር አልበቃኝም። ክፍያው አለፈ፤ ቅጣት ተጨመረበት። ቅጣቱን ለመክፈል ከጎረቤት ተበደርኩ። የጎረቤቷን ለመመለስ ደግሞ በሚቀጥለው ወር አስቤዛውን ቀነስኩ። አባትሽ ማታ ማታ ሳህኑን አይቶ "ምነው ዛሬ ሳሳ?" ሲለኝ "ገበያው ተወዷል" እለው ነበር።

እንዲህ ሆኜ 7 ወር ሄድኩ። አንድ ቀን አባትሽ የጨው ዕቃውን ሲያነሳ ከስሩ አጥፌ ያስቀመጥኳቸውን ደረሰኞች አገኛቸው። ይጮህብኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። አልጮኸም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። "ስንት ነው የቀረው?" አለኝ።

አላውቅም ነበር።

ልጄ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ መዋሸቴ ብቻ አይደለም። ከእሱ የደበቅኩትን ዕዳ ከራሴም ደብቄው ኖሬያለሁ። ላለማየት ስል አልደመርኩትም። በዚያ ሌሊት እናንተ ከተኛችሁ በኋላ ወረቀቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። ስንደምረው ማሽኑን በጥሬ ከሚሸጥበት ዋጋ ሩብ ያህል አስበልጠን ልንከፍል ነው። ጠዋት አባትሽ ሲመለስ ይህን ደብተር ይዞ መጣ። "ከዛሬ ጀምሮ የቤቱን ገንዘብ ሁለታችንም እናያለን" አለ። ከዚያ ወዲህ ሳንጽፍ ያለፈን አንድም ወር የለም።

ስለዚህ የምልሽ ነገር ይህ ነው፤ ጻፊ። ገንዘብ ስታወጪ በዚያው ቀን፣ ሳትተኚ ጻፊ። ሲያድር ይጠፋል። በሳምንት አንድ ቀን እጽፋለሁ ብትዪ ግማሹን አታገኚውም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ። በስልክ ብትመዘግቢም ጥሩ ነው። እኔ ግን በእጅ ስጽፍ ቁጥሩ ይሰማኛል። እስክሪብቶው ላይ እጄ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ "ይህን ለምን ገዛሁት?" የሚለው ጥያቄ ሳልጠራው ይመጣል። ይህ ደግሞ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ጃፓናዊቷ ጋዜጠኛ ሃኒ ሞቶኮ እ.ኤ.አ. በ1904 ለቤት እመቤቶች የሚሆን የቤት ሂሳብ ደብተር አሳትማ ነበር። ካኬቦ ይሉታል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎትም ዛሬ ድረስ በየዓመቱ አዳዲሱ እየታተመ ይሸጣል። እዚያ ቤትም ችግሩ የእኛው ዓይነት ነበር ማለት ነው።

የወጪ መደቡን አታብዢው። እኔ በመጀመሪያው ወር 20 ዓይነት መደብ ከፍቼ በ10ኛው ቀን ሰለቸኝ። አሁን 4 ብቻ አሉኝ። የግድ የሆነ፣ ቢቀር የሚቻል፣ ለሰው የተሰጠ፣ ያልታሰበ። አንዳንዱ ወጪ የቱ ጋ እንደሚገባ ያከራክርሻል። ክርክሩ ራሱ ጥሩ ነው፤ ከራስሽ ጋር ታወሪያለሽ። የመጀመሪያውን ወር ምንም ለመቀነስ አትሞክሪ። እንደ ልማድሽ ኑሪ፤ ብቻ ጻፊው። ምን እንደምታወጪ ሳታውቂ በጀት ብታወጪ በጀቱ ምኞት ነው፤ በ2ኛው ሳምንት ይፈርሳል። ሲፈርስ ደግሞ ራስሽን ትሰድቢያለሽ።

በ2ኛው ወር ደሞዝ ሲገባ፣ ገና ምንም ሳትነኪ፣ የቁጠባውን አንሺ። የተረፈኝን እቆጥባለሁ የሚል ሰው አይተርፈውም። ብዙ ቦታ ከመቶ 50 ለግድ ወጪ፣ 30 ለፍላጎት፣ 20 ለቁጠባ የሚል አከፋፈል ታነቢያለሽ። መጥፎ አይደለም። ግን ኪራይ ብቻውን የደሞዙን ግማሽ ለሚበላበት ሰው አይሆንም፤ አንቺም አሁን እዚያው ላይ ነሽ። አልሆነልኝም ብለሽ እንዳትተዪው። ከመቶ 5 ጀምሪ። መጠኑ ይደርሳል፤ መጀመሪያ እጅሽ ይልመድ። ገንዘቡንም ሌላ ሂሳብ ውስጥ አስገቢው። ከወር ወጪሽ ጋር ከተቀላቀለ ቁጠባ አይደለም፤ ገና ያላለቀ ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃ ይውጣ። የቀረውን ለ4 ሳምንት አታካፍዪ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። 4 ሳምንት 28 ቀን ነው፤ ወሩ ግን 30 ወይም 31። የወር መጨረሻዋ ጭንቅ ከእነዚያ 2 እና 3 ቀኖች ነው የምትመጣው። የቀረውን ለ30 አካፍዪው፤ የቀንሽን ታገኚያለሽ። በ7 ስታበዢው የሳምንትሽ ነው። የሳምንቱን ብቻ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። ሌላው ባለበት ይቆይ።

አሁን ደግሞ "ድንገተኛ" ስለሚባለው። ደብተሬን የአንድ ዓመቱን መለስ ብዬ ሳየው "ያልታሰበ" ብዬ ከጻፍኩት አብዛኛው ሊታሰብ ይችል ነበር። ጫማ ማለቁ ድንገተኛ ነው እንዴ? ትምህርት ቤት መከፈቱስ? በዓመት አንዴ የሚከፈለው ኢንሹራንስስ? ሁሉም እንደሚመጡ እናውቃለን፤ ቀናቸውን ብቻ እንረሳለን። እንዲህ አድርጊ። በዓመት አንዴና ሁለቴ የሚመጡብሽን ወጪዎች ሁሉ ጻፊያቸውና ደምሪያቸው። ድምሩን ለ12 አካፍዪው። ያንን በየወሩ ለብቻው አስቀምጪ። ይህን ከጀመርን በኋላ ቤታችን ውስጥ የመጣው ሰላም ይህ ነው ብዬ ልገልጽልሽ አልችልም። ጫማ የሚገዛበት ወር እንደማንኛውም ወር ሆነ።

እውነተኛው ድንገተኛ፣ ማለትም ሕመም ወይም ሥራ ማጣት፣ ሌላ ነው። ለእሱ ከ3 እስከ 6 ወር የሚያኖር ገንዘብ ያዙ ይላሉ አዋቂዎቹ። እውነት ነው፤ ግን ገና ለጀመረ ሰው ሩቅ ነው፤ ልብ ይሰብራል። አንቺ የ1 ወር ወጪሽን አስቢ። አባትሽ ሥራ ያጣ ጊዜ የነበረን የ2 ወር ብቻ ነበር። በ2 ወሩ ውስጥ ሳንበደር አስበን መወሰን ቻልን።

ስለ ዱቤና ብድር አንድ ሂሳብ ላሳይሽ። 72ን ለወለዱ መቶኛ ስታካፍዪ ገንዘቡ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ይነግርሻል። ጣሊያናዊው የሂሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 የጻፈው የቆየ ዘዴ ነው። በዓመት 8 በመቶ የሚያስገኝ ቁጠባ በ9 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በ24 በመቶ የተወሰደና ያልተከፈለ ዕዳም በ3 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። እና "በወር 2 በመቶ ብቻ" ሲሉሽ ትንሽ መስሎሽ እንዳትሞኚ። ወለዱ ወለድ እየወለደ በዓመት ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። የማሽኑ ሻጭ የነገረኝ የወሩን ነበር፤ የዓመቱን አልጠየቅኩም። አንቺ ጠይቂ። "በአጠቃላይ ስንት ከፍዬ እጨርሳለሁ?" በይው፤ ጻፍልኝ በይው።

ወደ ወጥ ቤት ልግባ፤ ገንዘብ በብዛት የሚፈሰው እዚያ ነውና። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባወጣው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። ከዚያ ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው ከሰው ቤት ነው። ከሆቴል አይደለም፣ ከሱቅም አይደለም። ይህን ሳነብ አላመንኩም። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት የምጥለውን ሁሉ በአንድ ፌስታል ውስጥ አጠራቀምኩ። በሳምንቱ መጨረሻ ፌስታሉን ሳነሳው እጄን ከበደኝ። ፍሪጅ ውስጥ ከኋላ ተገፍቶ የተረሳ፣ "ነገ እበላዋለሁ" ተብሎ የሻገተ፣ ቅናሽ ነው ተብሎ በእጥፍ የተገዛ አትክልት። ሁሉም ገንዘብ ነበር። ቁጠባ ማለት ርካሽ መግዛት ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ግን በርካሽ የገዛሁትን ነበር የምጥለው።

ከዚያ ወዲህ የፍሪጁ የፊት መደርደሪያ "ቅድሚያ የሚበላ" ነው። የተረፈ ምግብ፣ የተቆረጠ አትክልት፣ ቀኑ የደረሰ ነገር እዚያ ይቀመጣል። ምን ልብላ ስትዪ መጀመሪያ እዚያ እዪ። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዪ። ፍሪጅ ውስጥ ከገባም በ3 ወይም በ4 ቀን ይበላ። ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍም ለይተሽ አንብቢ። "ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙት ይመረጣል" የሚለው ስለ ጣዕሙ ነው፤ ቀኑ አለፈ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም። "እስከዚህ ቀን ድረስ ይጠቀሙ" የሚለው ግን ስለ ጤናሽ ነው፤ እሱ ካለፈ ጣዪው።

ስትገዢ ዝርዝር ይዘሽ፣ በልተሽ ሂጂ። ሁለት መጠን ያለው ዕቃ ካየሽ ዋጋውን ለክብደቱ አካፍለሽ አወዳድሪ። ትልቁ ሁልጊዜ ይረክሳል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። ቢረክስም ለአንድ ሰው በዝቶ ከተበላሸ ያው ነው።

መብራትና ውሃ ላይ ብዙ አልልም፤ ሁለት ነገር ብቻ። የምታሞቂውና የምታነድጂው ነገር ነው ቆጣሪውን የሚያስሮጠው። ሰው የስልክ ቻርጀር ይነቅልና ካውያውን ሰክቶ ስልክ ሊያወራ ይሄዳል። 1,500 ዋት ካውያ በ1 ሰዓት የሚፈጀውን፣ 10 ዋት ቻርጀር ለመፍጀት 150 ሰዓት ይፈልጋል። ለአንድ ስኒ ብለሽ ማንቆርቆሪያውን ሙሉ አታፍዪ። ድስትሽን ክደኚው። አምፖልሽ የድሮው ዓይነት ከሆነ ቀይሪው። 60 ዋቱ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ያንኑ ያህል የሚያበራው 9 ዋት ኤልኢዲ 1.35 ብቻ ነው።

ሌላው ቧንቧሽ ነው፤ በስልክ ስናወራ ጠብ ጠብ ሲል ሰምቼዋለሁ። ማታ ስትተኚ ጆግ አስቀምጪበት። በሴኮንድ አንድ ጠብታ ማለት በቀን 86,400 ጠብታ ነው። ወደ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል፤ ስለዚህ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በወር ወደ 130 ሊትር ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ ብቻ ናት። ለአከራይሽ ነገ ንገሪው። አታፍሪ።

ስለ አዲሱ መጋረጃሽ ነግረሽኝ ነበር። ያምራል። ግን ወዲያው "ምንጣፉ አስጠላኝ" አልሽ። ከ250 ዓመት በፊት ዴኒ ዲድሮ የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ አንድ የሚያምር የቤት ካባ ተሰጠው። ካባውን ለብሶ ሲቀመጥ ወንበሩ አስጠላው፤ ቀየረው። ከዚያ ጠረጴዛው፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለው ስዕል። በመጨረሻ አሮጌ ካባውን ናፈቀ። መጋረጃው ሲገባ ምንጣፉ ማርጀቱን ያየሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም ማለቴ ነው። ለምንጣፉ አንድ ወር ስጪው። ከወር በኋላም ካስጠላሽ ትገዢዋለሽ።

አደራ ግን፣ በቁጠባ ስም ራስሽን እንዳትጎጂ። ጥርስሽ ሲጠዘጥዝሽ እንዳታስታምሚው። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ይሞላል፤ ከቆየ ነርቩ ይነካና ሕክምናው ብዙ እጥፍ ይሆናል። አክስትሽ እንዲህ ሆና ጥርሷን አጥታለች። የምትተኚበት ፍራሽ ላይ አትሰስቺ። ምሽት ብቻሽን በእግር የምትሄጂ ከሆነ ታክሲ ያዢ፤ እሱን "የግድ" ውስጥ ጻፊው። ጓደኛ ቤትሽ ሲመጣም ፊትሽ አይጥቆር። "ለሰው የተሰጠ" የሚለውን መደብ የከፈትኩት እንዲሞላ ነው፤ ባዶውን የሚያድር ወር አልወድም።

ጓደኞችሽ ውጭ እንውጣ ሲሉ ምን ልበል ብለሽ ተጨንቀሻል መሰለኝ። "ይህን ሳምንት አልችልም፤ ቤቴ ኑ" በያቸው። አመመኝ፣ ሥራ አለብኝ እያልሽ ሰበብ አትፍጠሪ። ሰበብ ሌላ ሰበብ ይጠይቃል። በማሽኑ ጊዜ ገበያ ተወዷል እያልኩ 7 ወር ሙሉ የኖርኩት እንደዚያ ነው።

እኔንም እንደዚያ እንዳታደርጊኝ። ገንዘብ ካጠረሽ "እማዬ፣ አጠረኝ" በዪኝ። ስንት እንደሆነም ንገሪኝ። ካለኝ እልካለሁ፤ ከሌለኝ የለኝም እልሻለሁ። ከደበቅሽኝ ነው የሚከፋኝ።

ከደብዳቤው ጋር አዲስ ደብተር አለ። አባትሽ ነው የገዛው። መስመሩንም እሱ ነው በማስመሪያ ያሰመረው፤ መነጽሩን አድርጎ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀበት። 4ቱን መደቦች ከላይ ጽፌልሻለሁ። ስማቸውን ብትቀይሪያቸው አይከፋኝም።

ቅዳሜ ስትደውዪ ደረሰኞችሽን አጠገብሽ አድርጊ። እኔም ሰማያዊውን አወጣለሁ። የዚህን ወር የመብራት ሂሳብ ገና አልጻፍኩትም፤ አብረን እንጽፋለን።

እናትሽ